የጆጉ እናት

ባለፈው ሰሞን ሳፋ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከተጠቀለለበት ሲፈታው ሽታው መጣ። አዲስ ፕላስቲክ ሲከፈት የሚሸተውን ታውቁታላችሁ፤ ምግብ አይመስል፣ መድኃኒት አይመስል። አፍንጫዬን ሳፋው ውስጥ ከትቼ ትንሽ ቆየሁ። ባለሱቁ ግራ ገብቶት «እህቴ፣ ዕቃው እኮ ንጹሕ ነው» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? አባቴ ናዝሬት ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ማታ ሲያቅፈኝ የሚሸተው ይህንኑ ነበር። አኮ ወደ ቤታችን የመጣችበት ዓመት ደግሞ በዚህ ሽታ ላይ ክስ የተመሠረተበት ዓመት ነው።

አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የአባቴ እናት ናት። ከአርሲ ነገሌ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣችው እናቴ ከሞተች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ መናኸሪያ ሄዶ በየአውቶቡሱ በር እየተንጠራራ ሲፈልጋት፣ እሷ ለካ ላሟን ቡሬን አስጭና፣ ከላሟ ጋር በጭነት መኪና ላይ ቆማ በቀጥታ ሰፈራችን ደርሳለች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ቡሬ ስትወርድ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። አኮ ግንባሯን ደግፋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክላት ቆየች፤ ከዚያ ነው ዘወር ብላ እኔን የሳመችኝ። መጀመሪያ ላሟን፣ ቀጥሎ እኔን። ልጅ እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል አይረሳም።

«እርስዎ» በያት ተብዬ ነበር። ስላት ግን ከኋላዋ የቆመ እንግዳ ያለ ይመስል ዘወር ትልና «እኔ ባዳ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች። ተውኩት።

ቤታችን የሱቁ ጓሮ ማለት ነበር። እጀታው የተሰበረ፣ ክዳኑ የጠፋ፣ ገዢ ያጣ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እኛ ቤት ነው። ጆጉ ፕላስቲክ፣ ባልዲው ፕላስቲክ፣ ሰሃኑ፣ ወንበሩ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ እኔ የምጫማው ኮንጎ ጫማ ሳይቀር። አኮ ይዛ የመጣችው ዕቃ ግን በሙሉ ወላጅ ነበረው። እንዲህ የምለው እሷ እንዲህ ትል ስለነበር ነው። ቅሉን እያሳየችኝ «እናቱ ሐረግ ናት» ትላለች። ገመዱን እያሳየችኝ «እናቱ ቃጫ»። የምትሰግድበትን ቁርበት ደግሞ «ይቺ የቡሬ አያት ናት፤ ጥሩ ላም ነበረች» ብላ ታስተዋውቀኛለች። የወተት ዕቃዋ ጮጮ ከቀጫጭን የዛፍ ሥር ተሰፍቶ የተሠራ ነው፤ ወተት ከመግባቱ በፊት በወይራ ጭስ ይታጠናል። እኔም ዕቃዎቹን እንደ ዘመድ ሰላም ማለት ይቃጣኝ ነበር።

የመጣች ዕለት አባቴ ውሃ በቀይ ጆግ አቀረበላት። ተቀበለችው። በጥፍሯ አንኳኳችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«ሃቲ ኢሳ ኤኙ?» አለች። እናቱ ማን ናት?

አባቴ ሳቀ። «እማዬ፣ የፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካ አዋላጅ ነው። እኔ የጠየቅሁህ እናቱን ነው።»

አባቴ ሃያ ዓይነት ጆግ ይሸጣል እንጂ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ገዢ የለም። አኮ ጆጉን ሳትጠጣበት አስቀመጠችው። «እናቱ ያልታወቀ ነገር አይቀርበኝም» ብላ ውሃዋን በቅሏ ቀዳች።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሌላው ሰው የሰማው ስለ ጆግ ነው፤ እኔ የሰማሁት እናት ስለሌለው ነገር ነው። እዚያ ቤት ውስጥ እናት የሌለን ሁለት ነበርን፤ ጆጉና እኔ። አኮ ደግሞ እኔንም ትኩር ብላ ታየኛለች፣ ፀጉሬን ታሸትተዋለች፣ ከዚያ «ያ ረቢ!» ብላ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ዛሬ ሳስበው እያዘነችልኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔም በጥፍር ልንኳኳ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ የጆጉን እናት ፍለጋ ጀመርኩ። ለጆጉ እናት ከተገኘለት ለእኔም አንድ ነገር ይደረግልኛል ብዬ ነው። ሒሳቡ እንዴት እንደዚያ እንደወጣልኝ አሁን ማስረዳት አልችልም፤ ያን ጊዜ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ቲቸር አስቴር የአካባቢ ሳይንስ ታስተምረን ነበር። ጥያቄ ያለው ስትል እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ የፕላስቲክ እናት ማን ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው» አለችና ጠመኔዋን አነሣች። ፕላስቲክ የሚሠራው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው አለች። ነዳጁ ደግሞ ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይኖር፣ በባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳት ሞተው፣ ጭቃ ተጭኗቸው፣ መሬት ውስጥ ሲበስሉ ኖረው የሆኑት ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የዶቃ ክር ሣለች። ሰው ከነዳጁ ደቃቅ ደቃቅ ቅንጣት እየለየ እንደ ዶቃ በረጅሙ ይሰካዋል፤ ፕላስቲክ ማለት ያ የተሰካው ክር ነው።

«እንጨትስ፣ ጥጥስ?» አለ አንድ ልጅ።

«እነሱም በረጅሙ የተሰኩ ዶቃዎች ናቸው» አለች። «ልዩነቱ፣ የእነሱን ክር እየበጠሰ የሚበላ ሻጋታና ትል፣ በዓይን የማይታይ ተሕዋስም ምድርን ሞልቷታል። የፕላስቲኩ ክር ግን አዲስ ነው። መሬት ውስጥ ብትቀብሩት የሚበጥሰው አያገኝም ማለት ይቻላል። ይቆራረጣል፣ ይደቅቃል፣ ግን አፈር አይሆንም።»

ግማሹ አልገባኝም። እንጨትም ዶቃ ከሆነ ፕላስቲክም ዶቃ ከሆነ ታዲያ ፀቡ ምንድን ነው? የገባኝን ይዤ ግን ወደ ቤት በረርኩ።

«አኮ! እናቱ ተገኘች! ዕፅዋትና እንስሳት ናቸው! የድሮ!»

አኮ ቡሬን እያለበች ነበር። እጇን አቆመች። «እንስሳት?»

«አዎ! ባሕር ውስጥ ሞተው፣ ተቀብረው...»

«ሞተው? ማን አረዳቸው?»

«ማንም። ዝም ብለው ሞቱ።»

«በክት!» አለች አኮ፤ ከበርጩማዋ ተነሣች።

በቢስሚላህ ያልታረደ፣ በራሱ የሞተ ከብት ለእኛ ለሙስሊሞች በክት ነው፤ አይበላም። እኔ እናት ያገኘሁለት መስሎኝ ጆጉን ከድጡ ወደ ማጡ ከተትኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አኮ በፕላስቲክ ጆግ ለሶላት ውዱ ማድረግ ተወች፣ በፕላስቲክ ሰሃን የቀረበ ምግብ ተወች። የምትቀምሰው ከቡሬ የታለበ ወተትና በራሷ ቅል ያስቀመጠችውን በሶ ብቻ ሆነ። ለእኔ ግን ጧትም ማታም ከጮጮው ወተት እየቀዳች ትሰጠኛለች፤ ጭስ ጭስ የሚል ወተት። እስክጨርስ ከላዬ አትሄድም።

አባቴ መጀመሪያ ቀለደ። «እማዬ፣ እንግዲህ ሱቁን ዘግቼ ቅል ልሽጥ?» አላት። በኋላ ግን ቀልዱ አለቀበት። «ልጄን የማበላው ይህንኑ ሸጬ ነው እኮ» አለ አንድ ቀን፤ ድምፁ ተሰበረ። አኮም ደነገጠች። በማግሥቱ ሦስታችን የሰፈራችን መስጊድ ወደሚያሰግዱት ሽማግሌ፣ ወደ ሼህ ኑሩ ሄድን።

ሼህ ኑሩ ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ዓይናቸው ሊስቅ ይቃጣዋል፤ ፂማቸውን እየዳበሱ ያዙት።

«ላም ሳትታረድ ብትሞት ቆዳዋን ምን ያደርጉታል?» አሏት አኮን።

«አለፋዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ቁርበት ይሆናል።»

«ይሰገድበታል?»

«ይሰገድበታል።»

«ቆዳው በአንድ ሰው ልፋት ከጠራ፣ ያን ያህል ዘመን መሬት ያለፋችውስ? ደግሞ በላዩ ላይ እሳት የገባበት? ነገር ፈጽሞ ተለውጦ ሌላ ከሆነ በድሮ ስሙ አይጠየቅም፣ እናቴ። ይጠጡበት። ልጅዎም ይነግድ።»

አባቴ እጃቸውን ሳመ። እኔ ልቤ ዘለለ። ወደ ቤት ስንመለስ አኮ ሙሉውን መንገድ ስታስብ ቆየችና በራችን ላይ ስንደርስ «እሺ፣ በክት አይደለም» አለች። «ግን በድሮ ስሙ የማይጠየቅ ከሆነ እናቱም እናቱ አይደለችም ማለት ነው። ይኸው፣ እናት የለውም።»

እኔ ወደ ጀመርኩበት ተመለስኩ።

ቡሬ የምትሰማራው ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ናዝሬት ነፋስ አይቸግራትም፤ የገበያውን ፌስታል ጠራርጎ ያመጣና ሜዳው ዳር ያሉት ግራሮች እሾህ ላይ ይሰቅለዋል። አኮ ዓይኗ ከሩቅ ደከም ስለሚል መጀመሪያ የሄድን ቀን ቆም ብላ «ግራሩ በዚህ ወር ያብባል እንዴ? ደግሞ ሰማያዊ!» ብላ ነበር። ስቄ ነገርኳት። አልሳቀችም። ዛፉ ድረስ ሄዳ አንዱን አወረደችና በመዳፏ ጨመቀችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ተነፋ። «አይሞትም» አለች።

ሣሩ እየሳሳ ሲሄድ ቡሬ ወደ ቆሻሻው ዳር ትሄዳለች። እዚያ የድንች ልጣጭ አለ፣ ፍርፋሪ አለ፣ ይህ ሁሉ ግን በፌስታል ተቋጥሮ ነው የሚጣለው። ላም ደግሞ ቋጠሮ አትፈታም። የጨው ቅሪት ያለበት ፌስታል ከሆነማ እንደ ቅጠል ነው የምታነሣው። አኮ ስታይ ትሮጣለች፣ ከአፏ ትጎትታለች፤ ያላየችው ግን ይበልጣል።

በበጋው መጨረሻ ቡሬ ማመስኳት ተወች። አኮ ይህን ያወቀችው ከማንም በፊት፣ በድምፁ ነው። «አፏ ዝም አለ» አለች። ወተቱ ሳሳ፣ ከዚያ ነጠፈ። የግራ ጎኗ ተነፋ። አኮ ዘይት አጠጣቻት፣ ሆዷን እያሸች ዋለች፣ በፊቷ ለምለም ሣር እየያዘች ለመነቻት። ቡሬ ሣሩን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች።

በዚያ ሰሞን ነው ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ከአባቴ ጋር በአጥሩ ላይ ሲያወሩ የሰማሁት። «ላሟ ከሞተችማ አሮጊቷን እዚህ ምን ይይዛቸዋል?» አሉ። «ያገራቸው ሰው ናቸው፤ ይሄዳሉ።» አባቴ «እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለ።

እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። የእናቴ ጊዜ አልፈራሁም፤ ሳልፈራ ነው የሆነው። አሁን ግን አወቅሁ። አኮ ቡሬን ተከትላ መጥታለች፤ ቡሬ ከሄደች አኮም ትሄዳለች። ማዳን ያለብኝ ቡሬን ነው፤ ለማዳን ደግሞ የማውቀው ነገር ቢኖር ቲቸር አስቴር ያስተማረችን ብቻ ነው። ፕላስቲክ ድሮ ዕፅዋት ነበር። ቡሬ ዕፅዋት ትበላለች። ስለዚህ ትችላለች፤ ምናልባት ያላወቀችው ይህን ነው። በረቷ ገብቼ ጆሮዋን ይዤ ነገርኳት።

«ቡሬ፣ የድሮ ሣር ነው። በጣም የድሮ። ትንሽ ሞክሪ።»

ጆሮዋን አንዴ አራገበች፤ የሰማችኝ መሰለኝ።

አባቴ የእንስሳት ሐኪም አመጣ። ሰውዬው ጡጫውን በተነፋው ጎኗ ላይ ተጭኖ ቆየ፣ ሲያነሣው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። «ሊጥ ነው የሚመስለው። ውስጧ ፌስታል ነው» አለ።

«ድሮ ዕፅዋት ነበረ እኮ» አልኩት።

ወደ እኔ ዞር አለ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን እንደ ትልቅ ሰው መለሰልኝ። «ነበረ። አሁን አይደለም። ሣር ሆዷ ሲገባ ይፈታል፤ ሆዷ ውስጥ የሚፈቱት አሉ። ይኸኛውን የሚፈታው የለም፤ እርስ በርሱ ይቋጠራል እንጂ። መውጫም የለው።» ከዚያ ለአባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀደም ቢል ቀዶ ማውጣት ይሞከር እንደነበር፣ አሁን ግን አቅም እንደሌላት ነገረው። «በሕይወት እያለች እረዷት» አለና ሄደ።

አኮ ቡሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን አንገቷ ላይ አሳረፈች። አባቴ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ከሞተች በክት ናት። ማንም አይቀምሳትም። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ያጠጣች ላም ለጅብ ትጣል?»

ፀሐይ ከግድግዳው ወረደች። እኔ እንዳትሞትም እንዳትታረድም ጸለይኩ፤ ሌላ ሦስተኛ ነገር መኖር ነበረበት፣ ምን እንደሆነ ግን ስላላወቅሁ ለአላህ ተውኩለት። ቡሬ አንገቷን መሬት ላይ ዘረጋች። ያን ጊዜ አኮ «ቢላዋውን አምጣ» አለች።

ራሷ ናት ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ ያዞረቻት። ቀንዷን ይዛ፣ ሰፈራችን ደርሳ ከጭነት መኪናው የወረደች ዕለት እንዳደረገችው አንሾካሾከችላት። አባቴ «ቢስሚላህ» ሲል ጆሮዬን ያዝኩ፤ መያዝ የነበረብኝ ዓይኔን ነው።

ሆዷ ሲከፈት ያ ነገር ወጣ። ትራስ ያህላል። ሣሩ አጠገቡ አረንጓዴ ጭቃ ሆኗል፣ የድንች ልጣጩ ሁሉ ስሙ ጠፍቷል። አባቴ ባልዲ ውሃ ሲደፋበት ግን ፌስታሉ ቀለሙ ተመለሰ፤ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ሮዙ ሮዝ፣ አንደኛው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። አባቴ አጠገቡ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «እኔስ ዕቃ ስሸጥ የምቋጥርላቸው በዚሁ አይደል?» አለ፤ ማንን እንደጠየቀ አላወቅሁም። ሥጋው ለሙስሊሙ ጎረቤት ተከፋፈለ። እትዬ ዘውዴ ሥጋ ባይወስዱም መጥተው «ይተካላችሁ» አሉ። ሰዎቹ ድርሻቸውን የሚወስዱበት ይዘው መጥተዋል፤ ድስት የያዘም አለ፣ አብዛኛው ግን ፌስታል ነበር። አኮ እያንዳንዱን ፌስታል በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው።

አመሻሹ ላይ ጮጮዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት። ገመዱንም ጠመጠመችው። ያሰብኩት ደረሰ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«የት?»

«ነገሌ። ቡሬ የለችማ። እትዬ ዘውዴ ላሟ ከሞተች ምን ይይዛታል ብለዋል። አንቺ እሷን ተከትለሽ ነው የመጣሽው።»

አኮ ጥቅሉን ጭኗ ላይ እንደያዘች ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፀጉሬን አላሸተተችም። «ያ ኢንታላ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለት ነው። «እናትሽ ስትሞት አባትሽ ሰው ላከብኝ። ‹ልጅቷ እህል አልቀምስ ብላለች› አለኝ። ምን ይዤ ልሂድላት ብዬ ተቀምጬ አሰብኩ። እኔ ከወተት ሌላ ምን አውቃለሁ? ቡሬን ያመጣኋት ላንቺ ነው። እኔ እሷን አልተከተልኩም፤ እሷ ናት እኔን ተከትላ የመጣችው፣ እኔ ደግሞ አንቺን።»

ግራ ገባኝ። እህል አልቀምስ ማለቴን ጨርሶ አላስታውስም፤ ዛሬም አላስታውስም። ዓመቱን በሙሉ ወተት እየጠጣሁ ስለ ጆግ ሳስብ ከርሜ፣ ወተቱ ስለ እኔ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። አለቀስኩ፤ ለቡሬ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም። አኮም ዝም በዪ አላለችኝም።

ጧት ስነሣ አልጋዋ ባዶ ነበር። ማታ የነገረችኝን በሙሉ ረሳሁት። ሄደች! በባዶ እግሬ ወደ መንገድ ወጣሁ። ሰው ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ባጃጆች ይጯጯሃሉ፤ ወደ መናኸሪያ የሚወስደው በየት እንደሆነ ጠፋኝ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ።

ከማዶ ካለው ሱቅ ስትወጣ አየኋት። ሁለት እጇን አጣምራ፣ ጫጩት የያዘች ይመስል ዝግ ብላ ትራመዳለች። በእጇ ያለው ወተት ነበር፤ የፋብሪካ ወተት፣ በላስቲክ የታሸገ። እየቀዘቀዛት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ስታየኝ ደነገጠች፣ ባዶ እግሬን አየች፣ አልተቆጣችኝም። መንገዱ ዳር አስቀመጠችኝና ላስቲኩን አገላበጠችው። ክዳን የለው፣ አፍ የለው። በጥፍሯ ሞከረች፤ አልሆነም። ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ጥጉን በጥርሷ ይዛ ቀደደችው።

የተቀደደችውን ቁራጭ መሬት ላይ ተፋቻት። ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብላ አነሣቻትና በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻት። ከዚያ ወተቱን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ አፌ አስጠጋችልኝ።

«ጠጪ» አለችኝ።